ማሊያው የአገር፣ ወጪው የራስህ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ደብዳቤህ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገር። 22 ዓመትህ ነው፣ የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነህ። በስድስት ለስድስት ኳስ ጎበዝ ስለሆንክ አገርህን ወክሎ ወደ ሶካ (የስድስት ለስድስት ኳስ) የዓለም ዋንጫ ለሚሄደው ቡድን ተመርጠሃል። ውድድሩ ግን ከመጨረሻ ፈተናህ ጋር ይጋጫል። ቲኬቱንና ሆቴሉን ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች ከኪሱ ይክፈል ተብሏል። እናትህ «ልበደርልህ» ይላሉ፣ አባትህ «ኳስ አያበላም» ይላሉ፣ አሰልጣኝህ «እዚያ መልማዮች ይመጣሉ» ይላል። አንተም ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ልሂድ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። በመሃል የጉልበትህን ሕመምና የሲቪህን ነገር አንስተሃል።

እኔን ያናደደኝ የአሰልጣኙ ንግግር ነው። መልማይ ይመጣል የሚል ተስፋ ባይኖር እናትህም ብድር አያስቡም፣ አንተም ዊዝድሮው አይታይህም ነበር። ስለዚህ እሱን እንጨርስ።

መጀመሪያ ውድድሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። የሶካ ዓለም ዋንጫን የሚያዘጋጀው ፊፋ አይደለም፣ ዓለም አቀፍ የሶካ ፌዴሬሽን የሚባል ሌላ አካል ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ሊዝበን ላይ ተካሂዶ፣ ከ32 ቡድኖች መሃል ጀርመን ወሰደችው። በዓመቱ ክሬት ደሴት ላይ ቡድኖቹ 40 ደረሱ፣ ዋንጫው የሩሲያ ሆነ። በ2022 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ብራዚል አሸነፈች። 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ፣ ቅያሪ እንደልብ፣ ፈጣንና ከባድ ጨዋታ ነው። አላጣጥለውም። ግን ሶካ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ የሆነለት ተጫዋች እምብዛም የለም።

ከፉትሳል ጋርም አታምታታው። ፉትሳል አምስት ለአምስት ነው፣ የፊፋ ነው፣ የዓለም ዋንጫው ከ1989 ጀምሮ አለ። በ2024 ኡዝቤኪስታን ላይ 24 አገሮች ተሳትፈው ብራዚል አርጀንቲናን በፍጻሜው አሸንፋለች። ስፔን፣ ፖርቱጋልና ብራዚል ውስጥ በፉትሳል ብቻ ደመወዝ የሚበሉ ተጫዋቾች አሉ። አሰልጣኝህ የሁለቱን ዝና ቀላቅሎ የሸጠልህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መልማዩ። አንድ ክለብ ለተጫዋች ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን ማየት ይፈልጋል? 90 ደቂቃ መሮጥ ይችላል ወይ? የአየር ኳስ ላይ እንዴት ነው? ከጀርባው ሰፊ ባዶ ሜዳ ሲኖር ምን ያደርጋል? ስድስት ለስድስት ላይ ኦፍሳይድ የለም፣ ሲደክምህ ትወጣለህ፣ ትንፋሽህ ሲመለስ ትገባለህ። ጨዋታው የኳስ ንክኪህንና ውሳኔህን በደንብ ያሳያል፣ የቀረውን ግን ይደብቃል። እና ያን የተደበቀውን ሳያይ ኮንትራት የሚያስፈርምህ ክለብ ካለ፣ እኔ ስለ ክለቡ ነው የምጠራጠረው።

«ኪልማንስ?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማክስ ኪልማን ለእንግሊዝ የፉትሳል ብሔራዊ ቡድን 25 ጊዜ ተጫውቶ ፕሪሚየር ሊግ ገብቷል። ግን ዎልቭስ በ2018 ከየት ነው የወሰደው? ሜይደንሄድ ዩናይትድ ከሚባል የታችኛው ሊግ ክለብ፣ ትልቁ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲጫወት። ፉትሳሉ ጎበዝ አድርጎታል፣ ክለብ የሰጠው ግን ትልቁ ሜዳ ነው። ፋልካኦን ደግሞ እይ፣ ኮሎምቢያዊውን ሳይሆን የብራዚሉን የፉትሳል ንጉሥ። በ2004ም በ2008ም የፉትሳል ዓለም ዋንጫ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው። በ2005 ሳኦ ፓውሎ ገብቶ ትልቁን ሜዳ ሞከረ፣ በወራት ውስጥ ወደ ፉትሳሉ ተመለሰ። አንተ ደግሞ አሁን በየትኛውም የትልቅ ሜዳ ክለብ እንዳልተመዘገብክ ራስህ ጽፈህልኛል።

ስለዚህ አሰልጣኙን ሁለት ነገር ጠይቀው። የየትኛው ክለብ መልማይ ነው የሚመጣው? ባለፉት ጉዞዎች ከቡድኑ ማን ኮንትራት ፈረመ? ስም ከጠራልህ ደስ ይለኛል። «ብዙ ሰው ነው የሚመጣው» ካለህ መልሱን አግኝተሃል።

በነገራችን ላይ፣ ቤት አልባ የሆኑ ሰዎች የሚጫወቱበት የዓለም ዋንጫም አለ። በ2003 ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ላይ ነው የተጀመረው፣ አራት ለአራት ነው። አንድ ተጫዋች በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚሳተፈው። አዘጋጆቹ ውድድሩ ሰው ሕይወቱን መልሶ እንዲይዝ መነሻ ነው ይላሉ እንጂ ክለብ ያስገባሃል አይሉም። አሰልጣኝህ ግማሹን ያህል ግልጽ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ገንዘቡ ላይ አላለሳልስም። እናትህ መበደር የለባቸውም። ማሊያው ላይ የአገር ስም ስለተጻፈ ዕዳው የአገር አይሆንም፣ የእናትህ ነው። ልጅ «ለብሔራዊ ቡድን ተመረጥኩ» ብሎ ሲመጣ የትኛዋ እናት እምቢ ትላለች? እሳቸው እምቢ ማለት ስለማይችሉ እምቢ የምትለው አንተ ነህ። ለብድሩ ማለቴ ነው፣ ለጉዞው አይደለም። ቡድኑ በጋራ ስፖንሰር ካገኘ፣ ወይም ራስህ ካጠራቀምከው ከሸፈንከው፣ ሂድ። እንዲያውም ሒሳብ የተማርከው አንተ ስለሆንክ የቡድኑን በጀት አንተ ጻፍ። ቲኬት፣ ቪዛ፣ መድን፣ የምዝገባ ክፍያ፣ ማሊያ፣ አብረው የሚጓዙ ሰዎችን ወጪ ማን እንደሚከፍል ጭምር። ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ጉድ ይወጣል። በጽሑፍ የተቀመጠ በጀት ይዞ ስፖንሰር የሚያንኳኳ ቡድን ይደመጣል፣ ባዶ እጁን «አገር እንወክላለን» የሚለው ግን ይሸኛል።

አባትህ ብድሩን መቃወማቸው ልክ ነው። «ኳስ አያበላም» የሚሉት ላይ ግን አልስማማም። እኔን ኳስ ሳልነካ ለዓመታት አብልቶኛል። ፉትሳል ውድድሮች ላይ ሰዓት ይዤ ጀመርኩ፣ ከዚያ የቡድኖች ምዝገባ፣ ከዚያ ውድድር ማስተባበር። አንድ የፉትሳል ጨዋታ ሁለት ዳኞች፣ ሦስተኛ ዳኛና ሰዓት ያዥ ይፈልጋል። ኳስ ከሜዳ በወጣች ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል። ጥፋት ይቆጠራል፣ ከስድስተኛው ጀምሮ ቅጣት ምቱ ተከላካይ ፊት ለፊት ሳይደረደር ይመታል። ያን ቁጥር የሚስት ሰው ጨዋታ ያበላሻል፣ ስለዚህ የማይስት ሰው ይፈለጋል። ከሜዳው ውጭም የተጫዋች መታወቂያ ማጣራት፣ መጓጓዣ፣ ሆቴል፣ ክፍያ፣ ሒሳብ መዝጋት አለ። እዚያ አካባቢ ኳስ የሚወድ ሰው ሞልቷል፣ ሒሳብ የሚችለው ግን ጥቂት ነው። ዳኝነትም ያዋጣል። ፊፋ ለፉትሳል ዳኞች የራሳቸው ዓለም አቀፍ ዝርዝር አለው፣ እዚያ ለመግባት ቢያንስ 25 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ኮርሱን ዘንድሮ ብትጀምር ከታች ጀምረህ ለመውጣት ጊዜ አለህ። ከሄድክ ታዲያ ጨዋታ በሌለህ ሰዓት ሆቴል አትተኛ። የውጤት ጠረጴዛው ጋ ቁም፣ አዘጋጆቹን ተዋወቅ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ጠይቅ፣ ስልካቸውን ተቀበል። መልማይ ስትጠብቅ ከምትውል ይሄ ይሻልሃል።

ዊዝድሮው አትሙላ። ለጥቂት ቀን ውድድር አንድ ዓመት አይከፈልም። ከቡድኑ ቀኑ በግልጽ የተጻፈበት ደብዳቤ አውጣና ሜክአፕ (ምትክ) ፈተና እንዲሰጥህ ዲፓርትመንትህን ዛሬውኑ ጠይቅ፣ ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው አይደለም። መምህር ቀድሞ የነገረውን ተማሪ ይረዳል፣ መጨረሻ ላይ እየሮጠ የመጣውን ግን እንጃ። እምቢ ካሉ ፈተናህን ተፈተን። ይቆጭሃል፣ አውቃለሁ። ግን ዲግሪህን ይዘህ ለሚቀጥለው ውድድር መመረጥ ትችላለህ።

ጉልበትህን ከመሄድህ በፊት ሐኪም ይየው፣ የምትገዛው የጉዞ መድን የስፖርት ጉዳት የሚሸፍን መሆኑንም አረጋግጥ። ሲቪው ላይ አዎ ጻፈው፣ ግን «የሶካ ብሔራዊ ቡድን» ብለህ። «ብሔራዊ ቡድን» ብቻ ብለህ ከተውከው ቃለ መጠይቁ ላይ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅህ መግቢያ ታጣለህ። በጀቱን የሠራኸው አንተ ከሆንክ ደግሞ እሱን ከጎሎችህ በላይ ጻፈው።

ዲፓርትመንቱ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። የበጀቱን ረቂቅም ላክልኝ፣ አየዋለሁ።