ሰባተኛዋ ካሜራ ለማን ናት?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ፣ ክላርክስበርግ ከገንቢ ድርጅት አዲስ ቤት ገዝተን ግንባታው እያለቀ ነው። ግድግዳው በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) ሳይዘጋ የካሜራ ገመድ የሚዘረጋ ባለሙያ ይዘናል። ስምንት ካሜራ ነው፤ ሁሉም በገመድ፣ ቀረጻው እዚያው ቤት ባለ መቅጃ ሳጥን የሚቀመጥ። አምስቱ ውጭ፣ ስድስተኛው ሳሎን፣ ሰባተኛው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ከኩሽናው ፊት ለፊት፣ ስምንተኛው የቤዝመንቱ የጎን በር ላይ። ድምፁም ጥርት ብሎ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። የፊት ለፊቱ ካሜራ የጎረቤቴን መኪና ማቆሚያ ያያል። ሊከሰኝ ይችላል?»

መልስ፦ እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃዎት። የጠየቁኝን ቶሎ ልጨርሰውና ያልጠየቁኝ ላይ ልቆይ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አላፊ አግዳሚ ሁሉ ከመንገድ የሚያየውን መኪና ማቆሚያ ካሜራዎም ስላየው ብቻ ጥፋተኛ አይሆኑም። የጎረቤትን መስኮትና በአጥር የተከለለ ጓሮ ግን አያነጣጥሩበት። ሰው ቤቱ ውስጥ ሳለ በካሜራ ተደብቆ መከታተል በሜሪላንድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አብዛኞቹ መቅጃዎች የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ ስላላቸው ገጣሚው መስኮቱን ይሸፍንልዎት። ሰፈሩ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው ውጭ የሚሰቀለውን ሁሉ አስቀድመው በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ክሎዚንግ (ቤቱ ወደ ገዢው ስም የሚዛወርበት የመጨረሻ ፊርማ) እስኪፈጸም ቤቱ ብዙውን ጊዜ የገንቢው ነው። ገጣሚዎ ያለ ገንቢው የጽሑፍ ፈቃድ ገብቶ እንጨቱን ቢበሳ፣ ነገ በዋስትናው መሠረት ጥገና ሲጠይቁ «እናንተው ነካክታችሁት ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ገመዱ ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ይፈልግ እንደሆነም ካውንቲውን ይጠይቁ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛዋ ካሜራ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤዝመንቱ ኩሽና አለው፣ የራሱ በርም አለው፣ ሁለቱም ላይ ካሜራ ተመድቧል። እዚያ ማን እንደሚኖር ግን አንድም ቃል የለም። ደግሞ «ገዝተን»፣ «ይዘናል» እያለ የመጣው ደብዳቤ ድምፁ ላይ ሲደርስ «እፈልጋለሁ» ሆነ። እህቴ፣ የደጅ ዕቃ የሚሰርቅ ሌባ በረንዳ ላይ ቆሞ ንግግር አያደርግም። ድምፅ የሚፈለገው የሚያወራ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ልገምት፦ ወይ ቤዝመንቱ ሊከራይ ነው፣ ወይ ልጅ የምትጠብቅ ሴት እዚያ ልታድር ነው፣ ወይም ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ አለ። የቱ እንደሆነ በአደባባይ እንዲነግሩኝ አልፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ከጠበቃ የደበቀም ያው ነውና ለሚይዙት ጠበቃ ግን ይንገሩት።

ሦስቱም ግምቶቼ የሚያደርሱን ወደ አንድ ጉድጓድ ነው። ባለፉት ዓመታት የሀገሬ ልጆች ደጋግመው ሲገቡበት አይቻለሁ። ምስል መቅረጽና ድምፅ መቅረጽ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በሜሪላንድ ሰዎች በግል የሚያደርጉትን ንግግር ለመቅረጽ የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። አውቆ ያለ ፈቃድ የቀረጸ ሰው የሚከሰሰው ፌሎኒ በሚባለው ከባድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱም ነው። የተቀረጸውም ሰው በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል። ካሳው በቀን 100 ዶላር ታስቦ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው መነሻው ይሆናል፤ የጠበቃ ወጪና የመቀጫ ካሳ ሊጨመርበት ይችላል። ሦስት ወር የሠራች ማይክሮፎን በመነሻው ብቻ 9,000 ዶላር ገደማ ልታስቆጥር ትችላለች።

«ቤቱ የኔ ነው እኮ!» ይሉኛል። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ንግግሩ ግን የተናጋሪዎቹ ነው። «ባሌ ነው» ማለትም የባልን ፈቃድ አይተካም። ሊንዳ ትሪፕን የሚያስታውሱ ያስታውሳሉ። ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ስሟ የተነሳውን የጓደኛዋን የሞኒካ ሉዊንስኪን የስልክ ወሬ የቀረጸችው ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ ከሚገኘው ቤቷ ሆና ነበር። በአገር ደረጃ የፖለቲካ ማዕበል ያስነሳው ያ ካሴት እሷን እ.ኤ.አ. በ1999 በዚሁ የሜሪላንድ ሕግ አስከሰሳት። ክሱ በ2000 ተቋረጠ፤ በፌዴራል ደረጃ የተሰጣት ከክስ የመጠበቅ መብት ረድቷታል። እርስዎ እንዲህ ያለ መብት የሚሰጥዎት የለም።

ሌላው የምሰማው «ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚጠቀመው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በቨርጂኒያም በዲሲም የአንድ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል። ግን ተነጋጋሪ ነው የተባለው! ወንድምዎ ራሱ ከሰው ጋር ሲያወራ ቢቀርጽ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ሞግዚቷና እህቷ ኩሽና ውስጥ ሲያወሩ ካሜራው ቢቀርጻቸው ግን ከተነጋጋሪዎቹ ማን ፈቀደ? ግድግዳ ላይ የተሰካ ካሜራ በወሬው ውስጥ የለበትም። ይህ ቨርጂኒያም ቢሆን፣ በፌዴራል ሕግም ቢሆን ችግር ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ቢሮዬ መጥቶ ፍላሽ ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የድል ፈገግታ ነበር። ኪራይ ያልከፈለው ተከራዩ ለጓደኛው «ይህን ሰውዬ አልከፍለውም፤ ምን እንደሚያመጣ አያለሁ» ሲል ተቀርጿል። «ጌታዬ፣ ክፈተውና ስማው» አለኝ። ፍላሹን በጣቴ ወደ እሱ ገፋሁት። በሕገ ወጥ መንገድ የተቀረጸን ንግግር፣ ሕገ ወጥነቱን እያወቁ ለሌላ ሰው ማሰማትና መጠቀም ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ፍርድ ቤትም በማስረጃነት አይቀበለውም። ሰውዬው ኪራዩን ሊያስከፍል መጥቶ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ለካ ቅንጫቢውን ቀድሞ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቆት ኖሯል።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። የገዛቸው ካሜራዎች ማይክሮፎናቸው ተከፍቶ ነው ከካርቶኑ የወጡት፤ ገጣሚው አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀ። ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚገባበት ባወቁ!

ስለዚህ ድራይዎሉ ሳይዘጋ እንዲህ ያድርጉ። ከተቻለ ማይክሮፎን የሌለው ሞዴል ይግዙ። ካልሆነ ገጣሚው በየካሜራው አንድ በአንድ ድምፁን ያጥፋ፤ በመቅጃው ላይ አንዱን ማጥፋት ሌላውን አያጠፋም። ሥራውን ሲያስረክብ ደረሰኙ ላይ «የስምንቱም ካሜራ ማይክሮፎን ተዘግቷል» ብሎ ጽፎ ይፈርም። የማስተካከያውን ገጽ ቀኑ እየታየ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ደግሞ ይፈትሹ፤ ከእድሳት በኋላ ራሱን የከፈተ ማይክ አጋጥሞኛል። ገጣሚው ያስገባውን የይለፍ ቃልም እዚያው እሱ እያለ ይለውጡት።

ቤዝመንቱ የሚከራይ ከሆነ፣ ሰባተኛዋ ካሜራ ጨርሳ አትሰቀል። ተከራይ በተከራየው ክፍል ውስጥ ሲያበስልም ሲለብስም የሚታይበት ካሜራ፣ ድምፅ ባይኖረውም እንኳ፣ መከላከያ አላገኝለትም። ገመዱን ዘርግተው ጫፉን በባዶ ሽፋን መዝጋት ይችላሉ፤ ተከራይ ሲኖር ካሜራ አይኑርበት። የጎን በሩ ካሜራ ወደ ውጭ ብቻ ይይ፣ በኪራይ ውሉም ይጻፍ። መቅጃ ሳጥኑ ከተከራዩ ክፍል ውጭ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሳጥኑን ለማየት በወጡ በገቡ ቁጥር የሰውን ቤት እየረበሹ ነው። ክላርክስበርግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤዝመንት ማከራየት የካውንቲ ፈቃድ እንደሚጠይቅም ያውቃሉ ብዬ ልመን። ፈቃድ የሌለው አከራይ ተከራዩን በድምፅ ሲቀርጽ ቢያዝ፣ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃሉ።

ሞግዚት ከሆነች ደግሞ ሳሎን ላይ ምስል መቅረጽዎን ሥራ ሳትጀምር በምታነበው ቋንቋ ጽፈው ያስፈርሟት። የምትተኛበት ክፍልና መታጠቢያ ቤት ፈጽሞ አይታሰብ። «ድምፅ ይቀረጻል» የሚል ወረቀት በር ላይ ብለጥፍስ ለሚሉኝ፦ አይቶ የገባ ሰው እንደፈቀደ የሚቆጠርበት ጊዜ ይኖራል፤ ግን አላየሁትም፣ አልገባኝም የሚል ሰው ቢመጣ ክርክሩ የእርስዎ ሸክም ነው። እኔ ከምከራከርለት ወረቀት ይልቅ የተዘጋ ማይክሮፎን እመርጣለሁ።

የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ ግን ገጣሚውን ዛሬውኑ ያቁሙት። የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዝ የሜሪላንድ ጠበቃ ሳያማክሩ አንዲት ካሜራ እንኳ አያስበሩ። በግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ካስገባችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይጨመር፤ የወንጀል ክስ ያንን መንገድ ሊያበላሸው ይችላል።

እኔ ደብዳቤ እንጂ ሰነድ አላየሁም። ስለዚህ ይህን መልስ እንደ መጨረሻ ቃል አይያዙት። ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ከገንቢው ጋር የገቡትን ውል፣ የኤችኦኤውን ደንብ፣ የገጣሚውን የዋጋ ዝርዝር ከካሜራዎቹ ሞዴል ቁጥር ጋር፣ የኪራይ ውል ረቂቅ ካለም እሱን ይዘው ይሂዱ። የቤቱን ፕላን በእጅ ስለው ከእያንዳንዷ ካሜራ ጎን የምታየውን ይጻፉባት። ሰባተኛዋ ጎን «ኩሽና» ብለው ብቻ አይለፉት፤ እዚያ ኩሽና ውስጥ የሚቆመው ማን እንደሆነም ይጻፉ።