ፕሮግራም አልጫን ሲል ድራይቩን ይዩ

«ፕሮግራም ስጭን ‹ኤረር 1327፣ ኢንቫሊድ ድራይቭ ዲ› ይለኛል። ፋይሉን ደግሜ ባወርደውም ያው ነው።» (ከቱሉ ዲምቱ)

ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ፓኬጅዎን አይጨርሱበት። ዊንዶውስ እንደ ዶክመንትስ ያለ የግል ፎልደርዎ ዲ ላይ እንዳለ መዝግቦ ይዟል፤ ዲ ግን የለም። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ሲነቀል ወይም ዲቪዲ ማንበቢያው ፊደሉን ሲወስድበት የሚመጣ ችግር ነው። ዲስኩ ካለ ይሰኩትና ዲስክ ማኔጅመንት (የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ) ውስጥ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» በሚለው ዲን ይመልሱለት። ዲስኩ ከሌለ ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ከዚያ ሪስቶር ዲፎልት። ይህ እምቢ ካለ ብቻ ሬጅኤዲት (ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚመዘግብበትን መዝገብ ማረሚያ) ይክፈቱ። በመጀመሪያ በኤክስፖርት የመዝገቡን ቅጂ ያስቀሩ። ከዚያ በከረንት ዩዘር ሥር ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ኤክስፕሎረር እያሉ እስከ «ዩዘር ሼል ፎልደርስ» ይውረዱ፤ በዲ የሚጀምረውን አድራሻ ሁሉ ሲ ላይ ወዳለው ፎልደርዎ ቀይረው ሪስታርት ያድርጉ።

«ዲ ላይ 200 ጂቢ ባዶ አለኝ፤ እዚያው ልጫን ስል ቦታ የለም ይላል።» (ከለገጣፎ)

ጫኚው ፋይሉን መጀመሪያ የሚዘረግፈው ሲ ላይ ባለው ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች ማስቀመጫ ፎልደር) ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብተው ያጽዱ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» ካለ ምልክት እንዳያደርጉበት፤ ያወረዱትን ሁሉ ይጠርገዋል።

«መብራት ደጋግሞ ከጠፋ ወዲህ ጭነቱ ግማሽ ላይ ቆሞ ‹ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ ቼክ› ይላል።» (ከሰበታ)

ኮምፒውተሩ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ አቅቶታል። ማንኛውንም ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ፎቶና ሰነድዎን ወደ ኤክስተርናል ይገልብጡ። ሙሉ ፍተሻ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነበው፣ ሊሞት የደረሰውን ያፋጥነዋል። ቀጥሎ ጫኚውን ከሌላ ፍላሽ ይሞክሩ። ከተጫነ ጥፋቱ የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። ካልሆነ ሲ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። መሃል ላይ መብራት እንዳይሄድብዎ ላፕቶፑን ሞልተው ይጀምሩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት።

ከዚያ የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ይክፈቱ። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» የሚሉትን፣ የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥሩ ሁለት መስመሮች ይመልከቱ። ቁጥሩ የሚጻፈው በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ መጨረሻው ላይ 10 ካዩ 16 ማለት ነው። በየሳምንቱ ከጨመረ ዲስኩን ይቀይሩ፤ ፎርማት አያድነውም።

«32 ጂቢ ፍላሼ ባዶ ሆኖ 5 ጂቢ ጫኚ አልቀበልም ይላል።» (ከሱሉልታ)

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ነው፤ 4 ጂቢ የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይዝም። ውስጡ የቀረ ነገር ካለ አውጥተው በኤክስ ፋት ፎርማት ያድርጉት።