የመታኸውን አጋዘን ወዲያው አትከተል

ወንድሜ፣ «ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የአደን ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ ኖቬምበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን ላድን ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለህ ለጠየቅከው ነው። እኔም የጀመርኩት ብቻዬን ነው። የሚያሳየኝ አበሻ አልነበረም። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፣ ፍሪዘሬም ሙሉ ነው።

1. ፈቃድህን ራስህ አጣራ። ዋናው የአደን ፈቃድ ብቻውን ለአጋዘን አይበቃም። የአጋዘንና የቱርክ (ትልቁ የዱር ወፍ) የሚባለውን ትጨምራለህ። ጆርጅ ዋሽንግተን የሚባለው የመንግሥት ደን ከገባህ ደግሞ የደኑ ፈቃድ ለብቻው አለ። እኔ የገዛሁበት ሱቅ ያለው ሰውዬ ስሜን ሦስት ጊዜ አስደገመኝና «አንተ ደግሞ አደን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ዋናውን ብቻ ሸጦ ሸኘኝ። ጫካው መግቢያ ላይ ሰሌዳውን ሳነብ ነው የገባኝ። ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. የአደን ልብስህ ቤት ውስጥ አይደር። አጋዘን ሳያይህ በፊት ያሸትሃል። እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። እኔ ጃኬቴን ጋራዥ ውስጥ ክዳን ባለው ሳጥን ነው የማስቀምጠው። ኪሴ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የጤፍ ዱቄት አለ። ቆንጠር አድርጌ ስበትነው ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው አያለሁ። አጋዘን ወደምጠብቅበት ከወሰደው ቦታ እቀይራለሁ።

3. ይህችን ግን በደንብ ስማኝ። በመጀመሪያው ዓመት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ትልቅ ወንድ መታሁ። ጀርባውን ጉብጥ አድርጎ ሮጠ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ወዲያው ተከተልኩት። ሰማንያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ከተኛበት ተነስቶ ጨለማው ውስጥ ገባ። ሌሊቱን በባትሪ ፈለግኩ። ያገኘሁት በማግስቱ እኩለ ቀን፣ ወንዝ ዳር ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጭኑን አውሬ በልቶታል፣ ሥጋው ሸቷል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፍጡር በከንቱ ገድያለሁና።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አስተማሩኝ። ከተኮስክ በኋላ የቆመበትን ቦታ ሂድና ደሙን ተመልከት። ሮዝና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፣ ሦስት አራት ሰዓት ጠብቅ። አረንጓዴ ነገር ካለበትና ፈርስ ፈርስ ከሸተተ ሆዱን ነው የመታኸው። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ሳትቆይ አትመለስ። ያልተባረረ አጋዘን ቅርብ ቦታ ይተኛል። ጀርባውን ጉብጥ ማድረጉ ሆዱን የመመታቱ ምልክት ነበር። እኔም ያንን አይቼ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋብኝም።

ስለ ወቅቶቹ ባጭሩ፦ የቀስት አደን ኦክቶበር ላይ ይከፈታል፣ ግን ቀኑ ሊሞቅ ይችላል፤ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጥተህ በረዶ ካልጨመርክበት ሥጋው ይበላሻል። ኖቬምበር አጋማሽ ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ስለሚዞሩ ለምሳ ብለህ ከቦታህ አትነሳ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ሳትለብስ በጠመንጃ ወቅት ጫካ እንዳትገባ። ኤፕሪል ላይ ለቱርክ ስትወጣ ደግሞ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አትልበስ፤ የወንዱ ቱርክ ራስ ቀለም ስለሆነ ሌላ አዳኝ ሊተኩስብህ ይችላል።

የምትጾም ከሆነ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ሥጋውን ለገና አስቀምጠው። ስብ ስለሌለው ቋንጣው ግሩም ነው። ክትፎ ግን እንዳታስበው፣ የዱር ሥጋ በደንብ ይብሰል።

ደሙ ቢጠፋብህ መጨረሻ ያየህበት ቁጥቋጦ ላይ ሶፍት እሰርና ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሆነ መጥቼ አብሬህ እፈልጋለሁ።