ነጭ ጭጋግ የለበሰው ሠራዊትና ክንፉ አልጸና ያለው ዘንዶ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በጠረጴዛ ላይ በሚኒያቸር (በጥቃቅን ምስሎች) ሠራዊት የሚደረገውን የምናባዊ ጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ የላከልኝን 40 የፕላስቲክ እግረኛ ጦረኞች በብሩሽ ቀብቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቀለሙ በእጅ መነካካት እንዳይለቅ ብዬ በነሐሴ አንድ ምሽት በረንዳ ላይ አውጥቼ የማያብለጨልጭ የስፕሬይ ቫርኒሽ ረጨሁባቸው። ጠዋት ሳያቸው ሁሉም ነጭ ጭጋግ ለብሰዋል፤ ስዳስሳቸው ግን ለስላሳ ናቸው። ሁለቱን በቲነር ብጠርጋቸው ፊታቸው ሟሙቶ ጠፋ። ከብረት የተሠራው ዘንዶዬም አንድ ክንፉ ሦስት ጊዜ ተለጥፎ ሦስት ጊዜ ወድቋል። መጀመሪያ በሱፐር ግሉና በአመድ፣ ቀጥሎ በብየዳ ካውያ፣ በመጨረሻም እንደገና በሱፐር ግሉ ተሞክሯል። ሁሉንም ልጬ ከመጀመሪያው ልጀምር?»

መልስ፦ አይላጡ። ሥራዬ የመኪና ቀለም መርጨት ነው፤ ሚኒያቸሩ በልጄ በኩል የገባብኝ አመል ነው። እንዲህ ያለውን ነጭ ሽፋን ግን በጦረኛ ትከሻ ላይ ከማየቴ በፊት በስንት የመኪና ኮፈን ላይ አይቼዋለሁ። ከደብዳቤዎ ውስጥ «ስዳስሳቸው ለስላሳ ናቸው» የምትለዋ ቃል ነገሩን ጨርሳልኛለች። ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቢሻክር ኖሮ፣ ቫርኒሹ ከሩቅ ተረጭቶ አየር ላይ እያለ ደርቋል እል ነበር። ነጩ በልብሱ እጥፋትና በጋሻው ጥግ ብቻ ቢጠራቀም፣ ጣሳው በደንብ አልተናጠም ወይም በአንድ ጊዜ እጅግ ተወፍሮ ተረጭቷል ማለት ነው። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥፋቱ የሱፐር ግሉ ትነት ይሆናል። ለስላሳ ሆኖ ሁሉንም እኩል የሸፈነ፣ በዚያ ላይ በነሐሴ ምሽት የመጣ ነጭ ግን እርጥበት ነው።

ይህን ለተለማማጆቼ ደጋግሜ የማስረዳው ስለሆነ እርስዎም ይታገሡኝ። ቫርኒሹ ከጣሳው ፈስሶ እንዲወጣ የሚያደርገው ማሟሟያው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ምስሉ ላይ እንዳረፈ መትነን ይጀምራል፤ የሚተን ነገር ደግሞ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ካረፈበት ገጽ ይወስዳል። በመዳፍዎ ላይ የእጅ ማጽጃ አልኮል ሲያፈሱ የሚሰማዎት ቅዝቃዜ ይኸው ነው። ስለዚህ የጦረኛው ገጽ በዙሪያው ካለው አየር በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በነሐሴ ምሽት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በረንዳ ድረስ ሲገባ አየሩ ሊሸከም የሚችለውን ውሃ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እንዲህ የጠገበ አየር ከራሱ የቀዘቀዘ ነገር ሲያገኝ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ የሚያልበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእርስዎ ቤት ውሃው ያረፈው ገና ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ ነው፤ ሁለቱ ስለማይዋሐዱ ቫርኒሹ በጥቃቅኑ የውሃ ጠብታ ዙሪያ ይረጋል። በኋላ ውሃው ተንኖ ሲሄድ በዓይን የማይለዩ ክፍተቶች ይተዋል፤ ብርሃን በእነዚያ ክፍተቶች እየተጋጨ ስለሚበተን ዓይናችን ነጭ ያያል። የጠራ ብርጭቆ ደቅቆ ሲፈጭ እንደ ዱቄት የሚነጣው ነጭ ነገር ስለተጨመረበት አይደለም፤ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለገባ ነው። የእርስዎም ቀለም ከሥር ደኅና ተቀምጧል፤ የተበላሸው በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

ይህን በጣትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። አንድ ጦረኛ ይምረጡና ጋሻውን በውሃ በራሰ ጣት ይንኩት፤ ነጩ ጠፍቶ ቀለሙ ብቅ ካለና ሲደርቅ ተመልሶ ከነጣ፣ ክፍተቶቹ በውሃ ተሞልተው እንደገና ተራቁተዋል ማለት ነው። በሻካራ ገጽም ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለሚታይ ከመዳሰሱ ጋር አብረው ይመዝኑት።

መድኃኒቱ ራሱ ቫርኒሹ ነው፤ በደረቅና ለብ ባለ አየር አንድ ስስ ሽፋን ሲደገምበት አዲሱ ማሟሟያ የቀድሞውን ያለሰልሰዋል፣ ክፍተቶቹም ይዘጋሉ። እኔ በዚህ ጊዜ የሚያብለጨልጨውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ እሱ ጭጋጉን የማጥራት ኃይሉ የተሻለ ነው፣ ብልጭታውንም በሌላ ቀን በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ማጥፋት ይቻላል። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ስሪት ቢሆኑ ይመረጣል። መጀመሪያ በአንድ ጦረኛ ላይ ይሞክሩና አንድ ቀን ይጠብቁ፤ 38ቱን በአንድ ላይ አይፍረዱባቸው። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይናጡት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ከምስሉ ውጭ ጀምረው ከምስሉ ውጭ በሚጨርስ ፈጣን ምት ይርጩ። ዘይት በመቀባት ነጩን የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ይጠፋልም፣ ነገር ግን ዘይት በተቀባ ገጽ ላይ ሌላ ቫርኒሽ አይይዝምና እኔ አልወደውም።

የመርጫ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ይሁን። እኔ መኪና ከመርጨቴ በፊት መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሼ አየዋለሁ፤ እርጥበቱ በጥቂት ደቂቃ ካልደረቀ የዚያ ቀን ሥራ ይቀራል። ክረምቱ አላስችል ካለዎት ሠራዊቱን በካርቶን ይዘው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ቤት መርጨት ይችላሉ፤ እዚያ ግን በቀትር ፀሐይና በነፋስ ከረጩ ሻካራው ችግር ይገጥምዎታል።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንዎትን ልንገርዎት። ደሴ ስትበርድ ሰው ሁሉ የሚያስበው ከሰል ነው፤ ጣሳውን ለማሞቅ ምድጃ ዳር የሚያስቀምጥ፣ ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል መስኮት ዘግቶ የሚረጭ አለ። ጣሳው ውስጥ ያለው ግፊት የሚሰጠው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ጣሳው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። ፍም ባለበት ቤት አይርጩ። ጣሳው ቀዝቅዞ ከሆነ እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል።

ስለ ቲነሩ ሳልቆጣ ማለፍ አልችልም። በመኪና ሥራ እንዲህ ያለ ነጭ ሲመጣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ቀላቅለን እንረጫለን፤ በቲነር ጥረግ ብሎ የመከረዎት ሰው ካለ ከጋራዥ ሰምቶ ይሆናል። መኪናው ግን ብረት ነው። የእርስዎ ጦረኞች የተሠሩበት ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ቲነር ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል፤ አሴቶንም እንደዚያው ነው። ስምና መመሪያ የሌለበትን ርካሽ የስፕሬይ ጣሳም ይተዉት፤ ውስጡ ምን ዓይነት ማሟሟያ እንዳለ ሻጩም አያውቅ። የዚህ ጨዋታ ዓይነት የሆነው ዋርሃመር እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሠራዊት በረድፍ እየተሰለፈ በጣት ሲገፋ የሚውልበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ቫርኒሽ ላይ የሚቆጠቡት ገንዘብ በጦሩ ጫፍና በራስ ቁሩ ላይ ተመልሶ ይታያል።

ወደ ዘንዶው እንምጣ። በቅድሚያ ብረት ይባል እንጂ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፣ ጣሪያ የምንከድንበትን ሳይሆን ንጥረ ነገሩን ማለቴ ነው። ንጹሕ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ የብየዳ ካውያ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ካውያውን የያዘው ሰው ክንፉን ሊበይድ ሲል ትከሻውን እንዳቀለጠው ለመገመት ማየት አያስፈልገኝም። አመዱም ቢሆን ሱፐር ግሉውን ወዲያው ያደርቀዋል እንጂ ለከባድ ክንፍ ጉልበት አይሆነውም። ሱፐር ግሉ ሲጎትቱት ይጸናል፣ ሲመቱትና ሲጠመዝዙት ግን ይሰበራል፤ ክንፍ ደግሞ በተነሣ ቁጥር ይጠመዘዛል።

የድሮውን ሙጫ በሞረድና በቢላዋ ጫፍ ይፋቁ። የቀረውን በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ያስለቅቁት፤ በአካባቢው ያለው ቀለም አብሮ እንደሚለቅ ይወቁ፣ ዘንዶው ላይ የፕላስቲክ ጋላቢ ካለም አስቀድመው ያንሡት። አሴቶንም እንደ ስፕሬዩ ነው፤ ከሰል ባለበት ክፍል አይክፈቱት። የቀለጠውን ትከሻ ሞርደው ካስተካከሉ በኋላ በመሃሉ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይብሱ። በእጅ የሚሽከረከር መያዣ ይጠቀሙ፤ ትራፓኖ ለዚህ ሥራ ይፈጥናል፣ ርካሹ ፑንታም ውስጡ ተሰብሮ ይቀርብዎታል። ከዚያ በቀዳዳው አፍ ላይ አንዲት ጠብታ እርጥብ ቀለም ያድርጉና ክንፉን በቦታው ጫን አድርገው ያንሡ፤ ቀለሙ ክንፉ ላይ ያተመበት ነጥብ የሁለተኛው ቀዳዳ ቦታ ነው። ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የዘንግ ሽቦ በፒንሳ ቆርጠው ሁለቱን ቀዳዳዎች ያገናኙ። ትከሻው ስፋት ካለው ከጎኑ ሌላ የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብስተው የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ይጨምሩ፤ አንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ ክንፉ በዙሪያው ሊሽከረከር ይችላል።

ሙጫው በሁለት ቱቦ የሚመጣው ኢፖክሲ ይሁን። ሁለቱን ገጾች በሞረድ ጫር ጫር ያድርጉ፣ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ቀዳዳዎቹንም ገጹንም ይቀቡ፣ ከዚያ ዘንዶውን በጎኑ አሸዋ በሞላው ሳህን ውስጥ አስተኝተው ክንፉ ራሱን በክብደቱ እንዲጫን 24 ሰዓት አይንኩት። ዘንዶው የቆየ ከሆነ በቅይጡ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል መሞረዱን እንጀራ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ ያርቁ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እጅዎንም ይታጠቡ። ትከሻው ላይ የቀረውን ክፍተት በዚያው ኢፖክሲ ሞልተው፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ሽፋን) ነክተው፣ ቀለሙን በብሩሽ ይመልሱ። ቫርኒሹን ከጦረኞቹ ጋር በአንድ ቀን መርጨት ይችላሉ፤ በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ቡናውም ከሌላኛው የቤቱ ጎን እየፈላ።

ቲነር የበላቸው ሁለቱ ጦረኞች አይድኑም። ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው ዘንዶው በቆመበት መሠረት ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር ቢለጥፏቸው ግን ማንም ሟሙተዋል አይልም።