የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የ18 ቀን ተስፋ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከማድ ቤት የሚወጣውን ልጣጭ አበስብሶ በቶሎ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ስለማድረግ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያለኝ ጠባብ በረንዳ ብቻ ነው። ይቻላል?

ይቻላል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከእነክዳኑ ይበቃል። ታቹንና ጎኑን በጋለ ምስማር ይብሱት፤ ከሥሩ ሳፋ ያኑሩ። የማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል፤ ስሙን ከዩሪያ ወርሶ እህልና ከሰል ሲሸከም የኖረ ዕቃ ነውና፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ስሙ ይሥራ። ከታች አራት ጣት ያህል ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን፣ ከላዩ ልጣጭ፣ ከዚያ እንደገና ደረቅ። ለአንድ እጅ እርጥብ ሁለት እጅ ደረቅ ይስጡ፤ የጓሮ አፈርም አንድ ሁለት እፍኝ ይጣሉበት። የበዓል ቄጠማ ከወለል ሲጠረግ አይጣል፤ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በ18 ቀን ይደርሳል ሲባል ሰምቼ ነበር። የእኔ ወር አልፎት የሙዙ ልጣጭ እንዳለ ነው።

የሰሙት ሐሰት አይደለም። በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ስም የሚጠራ ዘዴ አለ። ነገር ግን ክምሩ በቁመትም በጎንም አንድ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይገላበጣል፤ መሐሉም ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ሙቀቱ የሚመጣው ከሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ነው። ባልዲ ውስጥ ግን ሙቀቱ ሳይጠራቀም በጎኑ ያመልጣል። ስለዚህ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይታገሡ።

ማፋጠኛ ዱቄት ለመግዛት ገንዘብዎን አያውጡ፤ ማፋጠኛው ቢላዋዎ ነው። ልጣጩን እንደ ጎመን ይክተፉት፣ በየሦስት ቀኑ ያገላብጡት። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጠው ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው፣ ቢንጠባጠብ በዝቷል፣ እጅዎ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይርጩበት። በገጠር በትልቁ ክምር መሐል ዱላ ይተክላሉ፤ ነቅለው ሲዳስሱት ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው።

ጥያቄ፦ ሽታውና ዝንቡ ከጎረቤት ሊያጣላኝ ነው።

እኔንም ሊያጣላኝ ነበር። የመጀመሪያ ባልዲዬን ሳልበሳ የሽንኩርት ልጣጭና የድንች ውኃ ሞላሁበት፤ በሳምንቱ ክዳኑን ስከፍት የሸተተኝን አልረሳውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፣ ውኃም በዝቶበታል፤ ይገልብጡትና ደረቅ ቅጠል ይቀላቅሉበት። እንደ ሽንት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ልጣጩ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ደረቁ ነው። ዝንብ የሚመጣው ልጣጩ ተገልጦ ሲያድር ነው። ሁልጊዜ የላይኛው ንብርብር ደረቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቡና አተላ፣ አመድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተረፈ እንጀራ ይገባሉ?

አተላው በደስታ፤ መልኩ እንደ ደረቅ ቅጠል ቡናማ ቢሆንም ከእርጥቡ፣ ከልጣጩ ወገን ይቆጠራል። አመድ በቁንጥር ብቻ፤ ሲበዛ የተክል ምግብ የሆነውን ናይትሮጅን ወደ አየር ያባርረዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ለችኩል ሰው አይሆንም። እንጀራ ወጥ ያልነካው ከሆነ ጥቂት ጥቂት እያሉ መሐል ይቅበሩት። ሥጋ፣ አጥንትና ቅቤ ግን አይጥ ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ጠቁሮ ፍርፍር ይላል፣ መጀመሪያ የገባው ነገር አይለይም፣ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ነው። ከተጠራጠሩ ፌጦ ይጠይቁ። በአንድ ሰሐን ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር እኩል ቀላቅለው፣ በሌላው አፈር ብቻ አድርገው ፌጦ ይዝሩ። በጥቂት ቀን ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ለጎመንዎ ይስጡት። የኮምፖስቱ ቀጭጮ ወይም ቢጫ ሆኖ ከወጣ ወደ ባልዲው ይመልሱትና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይዝሩበት።