ሲቀጠርም አይመጥንም የነበረን አሰልጣኝ ያለ ክፍያ ማሰናበት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለ የእግር ኳስ ክለብ የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ዋና አሰልጣኝ የቀጠርነው በጥድፊያ ነው፤ ሌላ ዕጩ አላወዳደርንም፣ የሠራባቸውን ክለቦችም አልጠየቅንም። ውሉ የ2 ዓመት ሲሆን ደመወዙ ያልተጣራ 120,000 ብር ነው። የሙከራ ጊዜ አልተጻፈበትም። ስለ ውጤት የሚለው «አሰልጣኙ ጥሩ ውጤት የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ክለቡ ውሉን ያቋርጣል» ብቻ ነው። አሁን 5 ወሩ ነው፤ ከ13 ጨዋታ ያሸነፍነው 1 ብቻ፣ ያለነውም ወራጅ ቀጣና ውስጥ። ቦርዱ «በሚቀጥሉት 3 ጨዋታዎች 7 ነጥብ ካላመጣህ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ ለመስጠት ወስኗል። ከፊሎቹ አባላት «ሲጀመርም ለቦታው አይመጥንም ነበር፣ ያለ ክፍያ ይሂድ» ይላሉ፤ ሌሎቹ ወደ ታዳጊ ቡድን ይውረድ ይላሉ። ሕጉ የትኛውን ይፈቅዳል?

መልስ፦ ሁለቱንም አይፈቅድም። አሰልጣኙን ማሰናበት ትችላላችሁ፤ ያለ ክፍያ ግን አይሆንም። ምክንያቱም ቦርዱ የያዘው «ሲጀመርም አይመጥንም ነበር» የሚለው መከራከሪያ ክለቡን የሚጠቅም ቢመስልም በፍርድ ቤት ክለቡን የሚያስረታው እሱው ራሱ ነው።

ጉዳዩ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ ውስጥ ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርቡ ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው አንቀጽ 27 ላይ ያለው ነው፤ ሠራተኛው ችሎታው እያለው የሥራ ውጤቱ በኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ በሚፈራረሙት ሰነድ) ወይም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከተወሰነው ጥራትና መጠን በታች ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። የክለብ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ይህን ነው። ነገር ግን ድንጋጌው «ችሎታው እያለው» ይላል። አቅሙ ኖሮት የለገመን ሠራተኛ የሚመለከት እንጂ አቅም የሌለውን አይደለም። ሌላው መስፈርት በስምምነት የተወሰነ መጠን ነው። በውላችሁ ላይ ያለው «ጥሩ ውጤት» ግን መጠን የለውም። ስንት ነጥብ፣ በስንት ጨዋታ፣ ስንተኛ ደረጃ? ዳኛው ይህን ሲጠይቅ ከውሉ ውስጥ የምታሳዩት ቁጥር የላችሁም።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 28 ነው፤ ሠራተኛው የተመደበበትን ሥራ የማከናወን ችሎታው ቀንሶ ሲገኝ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። እዚህም ላይ የችሎታው መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መረጋገጥ አለበት፤ ኅብረት ስምምነቱ ሌላ ነገር ካልወሰነ በቀር። በ5 ወር ውስጥ አንድም የተፈረመ የግምገማ ቅጽ ካልሞላችሁ ማስረጃችሁ የደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ ሲቀጠርም ያልነበረውን ችሎታ በኋላ አጣው ብሎ መከራከር አያስኬድም። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ «ከመጀመሪያውም አይመጥንም» ካለ የአሰልጣኙ ጠበቃ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልገውም።

ለተሳሳተ ቅጥር ሕጉ ያስቀመጠው መፍትሔ የሙከራ ጊዜ ነበር። በአንቀጽ 11 መሠረት በጽሑፍ ከተስማማችሁ እስከ 60 የሥራ ቀናት ድረስ ሠራተኛው ለቦታው ብቁ መሆኑን መፈተን፣ ካልሆነም ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ መለያየት ይቻላል። ባለመጻፉ ይህ መብት የለም፤ አሁን በተጨማሪ ስምምነት ወደ ኋላ ሄዶ ማስገባትም አይቻልም።

ቦርዱ ውስጥ አንድ ሰው «ዋና አሰልጣኝ የሥራ መሪ ስለሆነ አዋጁ አይመለከተውም» ማለቱ አይቀርም። የሥራ መሪ በእርግጥ ከአዋጁ ውጭ ሆኖ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይተዳደራል። መለኪያው ግን የማዕረጉ ስም ሳይሆን ሥልጣኑ ነው፤ የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን በሕግ ወይም በውክልና ተሰጥቶታል ወይ? ተጫዋች ማስፈረምና መልቀቅ በቦርዱ ወይም በሥራ አስኪያጁ ፊርማ የሚፈጸም ከሆነ፣ የአሰልጣኙም ድርሻ የስም ዝርዝር ማቅረብና አሰላለፍ መወሰን ብቻ ከሆነ፣ እኔ እንደ ሠራተኛ ነው የማየው። በውሉ ውስጥ ረዳቶቹን ራሱ እንዲቀጥርና እንዲያሰናብት ሥልጣን ሰጥታችሁት ከሆነ ክርክሩ ይከፈታል። ያም ሆኖ የሥራ መሪን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበትም ካሳ ያስከፍላል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ነፃ እንወጣለን ብላችሁ አትቁጠሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ቦርዱን የሚያሳምነው ይህ ነውና። ለስሌት እንዲመች 120,000 ብርን በ30 ብናካፍል የቀን ደመወዙ 4,000 ብር ነው። ከውሉ 19 ወር ይቀራል፤ ሙሉው ቢቆጠር 2,280,000 ብር ነበር። አንቀጽ 43 ግን ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ያለ አግባብ ሲቋረጥ ካሳው ቀሪውን ጊዜ የሚሸፍን ደመወዝ ሆኖ ከ180 የቀን ደመወዝ እንዳይበልጥ ይገድባል። 180 በ4,000 ሲባዛ 720,000 ብር። በዚህ ላይ የስንብት ክፍያ ይጨመራል፤ የአንድ ዓመት አገልግሎት 30 የቀን ደመወዝ ስለሚያስገኝ የ5 ወሩ ድርሻ 50,000 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት ከሚገባው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም ወደ 7 ቀን የሚጠጋው በገንዘብ ይታሰባል። ፍርድ ቤቱ ውሉን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ከወሰደው ደግሞ የ1 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ማለትም 120,000 ብር ይታከላል።

ብዙ ክለቦች የሚወድቁት ግን በካሳው ሳይሆን በመዘግየቱ ነው። ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚገባው ክፍያ ሁሉ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊወስን ይችላል። ለእናንተ ይህ እስከ 360,000 ብር ነው። የከተማ አስተዳደር በጀት እስኪለቀቅ መጠበቅ እንደ ምክንያት አይቆጠርም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሳይዘጋጅ ደብዳቤው አይውጣ። አሰልጣኙ ወደ ሥራ እንዲመለስ ከጠየቀና ከተፈቀደለት ደግሞ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ይግባኝ ሰሚው እስከ 1 ዓመት ውዝፍ ደመወዝ ሊወስን ይችላል። ሌላ አሰልጣኝ ስለቀጠራችሁ ግንኙነቱ መቀጠል አይችልም ብላችሁ መመለሱን ልትቃወሙ ትችላላችሁ፤ በምትኩ ግን ካሳው ይመጣል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚነሳ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

የቦርዱን ሌሎች ሐሳቦች በአጭሩ ልመልስ። የ3 ጨዋታ 7 ነጥብ ደብዳቤው አይጠቅማችሁም፤ መለኪያው በስምምነት እንጂ በአንድ ወገን ደብዳቤ አይወሰንም፣ ከ13 ጨዋታ 1 ያሸነፈ ቡድን በ3 ጨዋታ 7 ነጥብ እንዲያመጣ መጠየቅም ለማሰናበት የተዘጋጀ ምክንያት ሆኖ ይነበባል። ወደ ታዳጊ ቡድን ማውረድ የውል ለውጥ ነው፤ አሰልጣኙ በጽሑፍ ካልተስማማ አይጸናም፣ እንዲያውም ክለቡ ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ራሱ ለቆ ካሳ እንዲጠይቅ በር ይከፍትለታል። «እስከ ውሳኔ ድረስ ቤትህ ቆይ» የሚለው ያልተወሰነ እግድም እንደዚያው ነው። እግድ በኅብረት ስምምነት የተደነገገ ምክንያት ይፈልጋል፣ ከ30 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም።

የእኔ ምክር በስምምነት መለያየት ነው። አንቀጽ 25 ይፈቅደዋል፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ተውኩ ቢል ዋጋ ስለሌለው፣ እስከ መለያያው ቀን የሠራበትን ደመወዝ፣ የፈቃድ ክፍያውንና የጡረታ መዋጮውን ሳትነኩ በዚያ ላይ የምትደራደሩት የካሳውን መጠን ነው። የ2 ወር ደመወዝ አቅርባችሁ እስከ 4 ወር ለመሄድ ተዘጋጁ። 4 ወር 480,000 ብር ነው፤ ከ720,000ው፣ ከመዘግየት ቅጣቱና ከጠበቃ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ለክለቡ የተሻለ ነው፣ ለአሰልጣኙም ወራት ከመከራከር ይልቅ በሁለተኛው ዙር ሌላ ክለብ ለመያዝ ጊዜ ይሰጠዋል። ስምምነቱ ላይ ክፍያው በየትኛው ቀን በየትኛው ባንክ እንደሚገባ፣ የተጠቀሰው ገንዘብ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ፣ ቤትና መኪና ተሰጥቶት ከሆነ መቼ እንደሚያስረክብ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና መልቀቂያ መቼ እንደሚሰጠው ይጻፍ። የተጣራና ያልተጣራ ሳይለይ «480,000 ብር» ተብሎ የተፈረመ ስምምነት በማግስቱ አዲስ ጠብ ይወልዳል።

ካልተስማማና ለማሰናበት ከወሰናችሁ ሥርዓቱን ጠብቁ። መጀመሪያ ቦርዱ በምልዓተ ጉባኤ ይወስን፤ ቃለ ጉባኤው ስለ ቅጥሩ ስህተት ሳይሆን ስለ ተፈጸመው ሥራ ይናገር። ደብዳቤው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ይግለጽ፣ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርመው፣ ለአሰልጣኙ በእጁ ይሰጥ። አልቀበልም ካለ ወይም ካልተገኘ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፍ። የስንብቱን ዜና በክለቡ የፌስቡክ ገጽ ላይ ከደብዳቤው በፊት ማውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሁን፤ ሕጉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚለውን ሳታሟሉ ውሉ የተቋረጠበትን ቀን ራሳችሁ ለከሳሽ ታሳዩታላችሁ። የዋናው አሰልጣኝ መሄድ የረዳቶቹንና የግብ ጠባቂ አሰልጣኙን ውል በራሱ እንደማያቋርጥም አስታውሱ፤ የእያንዳንዱ ለብቻው ይታያል።

አሰልጣኙ ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም የሚሄደው። ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊያመለክት ይችላል፤ ክፍያ ያልፈጸሙ ክለቦች ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ሲታገዱ አይተናል። በዝውውር መስኮት ዋዜማ ተጫዋች ማስመዝገብ አለመቻል ወራጅ ቀጣና ላይ ላለ ቡድን ከ720,000 ብሩ የከፋ ጉዳት ነው።

ገንዘብ የተረፋቸው ክለቦችም ከዚህ አያመልጡም። ማንቸስተር ዩናይትድ የኤሪክ ቴን ሃግን ውል በ2024 እ.ኤ.አ. ክረምት አራዝሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ሲያሰናብተው ለእሱና ለረዳቶቹ 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ ሆኗል። ክለቡን ያላሳመነ አሰልጣኝ ውል ማራዘሙ ነበር ዋጋውን ያናረው።

ለሚቀጥለው ቅጥር የሚከተለውን በውሉ አስገቡ። የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ በግልጽ ይጻፍ፤ በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ 10 ሳምንት ነው፣ ግማሹም በቅድመ ውድድር ዝግጅት ያልፋል። ስለዚህ በጊዜው ውስጥ የምታዩት ጨዋታ ጥቂት ስለሆነ የልምምድ ዕቅዱን፣ የተጫዋቾች አያያዙንና ሪፖርቱን በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት በጽሑፍ ገምግማችሁ አስፈርሙት። የውጤት መለኪያው በቁጥር ይሁን፤ ለምሳሌ በእያንዳንዱ 10 ጨዋታ ቢያንስ 11 ነጥብ፣ በሁለት ተከታታይ ግምገማ ከዚያ በታች ከሆነ ምን እንደሚሆን። በአንጻሩ ክለቡ የሚያቀርበውንም ጻፉ፤ የተጫዋቾች ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉን፣ የልምምድ ሜዳውን፣ የጉዞ ወጪውን። ተጫዋቾች 2 ወር ደመወዝ ሳይከፈላቸው ልምምድ ካቆሙ በኋላ ውጤት ጠፋ ብሎ አሰልጣኝን መክሰስ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም፤ ፍትሐዊም አይደለም። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ከፊርማው በፊት ከፌዴሬሽኑ አረጋግጡ። የሐሰት ማስረጃ ያቀረበን ሰው አታልሏል ብሎ ማሰናበት ይቻላል፤ እናንተ ያልጠየቃችሁት ፈቃድ ባለመኖሩ ግን ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

አንዳንድ የቦርድ አባላት በምትኩ የውጭ አሰልጣኝ እናምጣ እንደሚሉ እገምታለሁ። ያኔ ሒሳቡ ይለወጣል። የውጭ አገር አሰልጣኝ ከክለብ ጋር የሚፈጥረው ክርክር ዓለም አቀፍ ገጽታ ስላለው በፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አባሪ 2 መሠረት ወደ ፊፋ የእግር ኳስ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ለማመልከትም 2 ዓመት አለው። እዚያ የ180 ቀን ጣሪያ የለም፤ በውሉ ውስጥ ስለ ካሳ የተወሰነ ነገር ከሌለ መነሻው የቀሪው ውል ሙሉ ዋጋ ነው፣ አሰልጣኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሥራ ካገኘ የአዲሱ ውል ዋጋ ከካሳው ላይ ይቀነሳል። በወር 5,000 ዶላር የሚከፈለው አሰልጣኝ 19 ወር ሲቀረው ቢሰናበት መነሻው 95,000 ዶላር ነው፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ። ከውሳኔው በኋላ በ45 ቀን ካልተከፈለ ክለቡ እስከ 3 ተከታታይ የዝውውር መስኮት ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል። በውሳኔው ላይ ለሎዛን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ከውጭ አሰልጣኝ ጋር የምትፈርሙ ከሆነ ውሉ ከ1 ዓመት አይለፍ፣ ሲቋረጥ የሚከፈለው ካሳም በወር ደመወዝ ቁጥር ተወስኖ ይጻፍ።