«አንጎልሽ ሟሽሿል» ስትባሉ፦ ስለ ኤምኤስ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤምኤስ)፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ስለሚያጠቃበት በሽታ፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጎረፈ። ግማሹ ስለ አንድ ነገር ነው፦ ስለ አንጎል መሟሸሽ፣ ማለትም መጠኑ እየቀነሰ ስለ መሄዱ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከበሽታው ጋር 14 ዓመት የኖርኩ፣ ከፍርሃት የተነሳ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ 34 ዓመቴ ነው። የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ወረቀቴ ላይ የአንጎሌ መጠን ለዕድሜዬ ከሚጠበቀው በመጠኑ ቀንሷል ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዊልቸር ላይ መቀመጤ ነው?

መልስ፦ በዚያች መስመር ብቻ ማንም እንዲህ ሊልሽ አይችልም። የእኔም ወረቀት ላይ ከተጻፈች 8 ዓመት ሆኗታል፤ ይህን የምጽፈው ግን ልጄን በእግሬ ትምህርት ቤት አድርሼ መጥቼ ነው። ውሸትም አልነግርሽም፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። የጤነኛ ጎልማሳ አንጎል እንኳ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ይቀንሳል። ኤምኤስ ያለበትና መድኃኒት የማይወስድ ሰው ላይ ከ0.5 እስከ 1.3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በዓመት ሲታይ ኢምንት ነው፤ 15 ዓመት ሲጠራቀም ግን ሌላ ነው፣ ቶሎ የሚቀንስባቸው ሰዎችም በአማካይ ቀድመው ይደክማሉ። አማካይ ነው እንግዲህ፣ አንቺ አይደለሽም። ደግሞ አንድ ምስል ፍጥነት አይናገርም። የዛሬ ዓመት እዚያው ማሽን ላይ ተነሺና ሁለቱን ያነጻጽሩልሽ።

ጥያቄ፦ አንጎሌ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ጥቂት ናቸው ተባልኩ። እግሬ ግን በየወሩ እየከበደኝ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ይሄ ሐኪሞቹንም ግራ ሲያጋባ የኖረ ነው። ነጠብጣቦቹ በሽታው የተዋቸው ጠባሳዎች ናቸው፤ ብዛታቸውና የሰው አቅም ግን ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የሚላጠው የነርቩ ሽፋን ብቻ አይደለማ! እ.ኤ.አ. በ1998 የሟቾችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ያዩ ተመራማሪዎች ትኩስ ጠባሳ ውስጥ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ከ11 ሺህ በላይ የተበጠሱ የነርቭ ክሮች ቆጥረዋል። የተበጠሰ ክር ይሞታል፣ ቦታው ይሟሽሻል። ዋናው ጥያቄ ደግሞ የት ሟሸሸ ነው። አንጎል መሃል ያለው ታላመስ የሚባለው ክፍል ሲቀንስ ማሰብም ማስታወስም ይጎተታል። ለእግር ግን ኅብለ ሰረሰርህን እይ። ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ነው፣ ለእግር የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፣ እዚያ ላይ ትንሽ ጉዳት ብዙ ነው። የአንጎል ኤምአርአይ ይህንን አያሳይም። የአንገትና የጀርባ ተነስተህ ታውቃለህ? ካልሆነ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጠንከር ያለ መድኃኒት ጀመርኩ። በዓመቱ ሲለካ ጭራሽ ቀንሷል። ላቁመው?

መልስ፦ ኧረ እንዳታደርገው! ያበጠ እግር እብጠቱ ሲወርድ ጫማ ይሰፋው የለ? አንጎልም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ ብግነቱን (በሽታው አንጎል ውስጥ ያስነሳውን ቁጣና እብጠት) ሲያበርደው የተቋጠረው ውኃ ይወጣል፣ መጠኑም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እይ። እግረ መንገዴን፣ ጾም ይዘህ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ኤምአርአይ አትነሳ። የሰውነት ውኃ ማነስ ብቻውን ቁጥሩን ያዛባዋል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ «ኢዲኤስኤስ 3.5» ብሎ ጻፈ። ምንድነው?

መልስ፦ ከርትስኬ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 አሁን ባለው መልኩ ያወጣው፣ ኤምኤስ ሰውን ምን ያህል እንደጎዳው የሚለካ መለኪያ ነው። 0 ደህና፣ 10 ሞት። ከ4 በላይ ሲሆን የሚለካው በአብዛኛው መራመድ ነው፤ 6 ማለት 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ የሚያስፈልገው ሰው ነው። እኔ ይሄ መለኪያ አይጥመኝም፣ ጭንቅላትን ይረሳል። በ90 ሰከንድ ምልክትን ከቁጥር የምታዛምዱበት ፈተና አለ። አምና 51 አገኘሁ፣ ዘንድሮ 44። እግሬ ያው ነው፣ ኢዲኤስኤሴም ያው። ግን ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ አለቃዬ እያወራ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋብኛል፣ ሰዎቹ ሲስቁ እኔም ዝም ብዬ እስቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ይሄ የለም። ይህን ፈተና በየዓመቱ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንጀራ ስጋግር ምጣዱ ፊት እግሬ ይከዳኛል፣ ዓይኔም ይደበዝዛል። አንጎሌ እየሞተ ነው?

መልስ፦ አይደለም እማማ። ሙቀት ነው። የተጎዳ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማድረስ ያቅተዋል፣ ሲበርድልዎት ይመለሳል። ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጡ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ቢቻል ሌላ ሰው ይጋግር። ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ግን ለሐኪም ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ሲጋራ?

መልስ፦ ተው። የሚያጨሱ ሰዎች አንጎል ቶሎ እንደሚሟሽሽ በጥናት ታይቷል።

ጥያቄ፦ እናቴ ኪኒኑን አቁሚና ጠበል ግቢ ትለኛለች። ፊንጎሊሞድ ነው የምወስደው።

መልስ፦ ጠበሉን ግቢ፣ ኪኒኑን ግን አታቋርጪ። ፊንጎሊሞድ በድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ የሚያገረሽባቸው ሰዎች አሉ፣ አንዴ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም። ለእናትሽ አቡነ ጳውሎስን አስታውሻቸው፤ በኤችአይቪ ጊዜ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ያሉት ፓትርያርኩ ራሳቸው ናቸው። ስትሄጂ ኪኒንሽን በቦርሳሽ ያዢ፣ ሰዓቱን በስልክሽ ሙዪ።